በየትኛው ፀ?

ሰው ጡረታ ሲወጣ ሰዓት ይሸለማል ይባላል። እኔ የተሸለምኩት ማውስ ነው፤ ያውም ቀኝ በኩሏ የማይሠራ። አሠሪዬ ሐጂ ጽሕፈት ቤታቸውን ዘግተው ቦታውን የሞባይል ሽፋን ለሚሸጥ ነጋዴ አከራዩትና ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ፣ «አስራት፣ ይቺን እንኳ ለማስታወሻ ያዛት» ብለው ከካርቶን ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ገመዷን ጠቅልዬ በኮቴ ኪስ ከተትኳት። በሌላኛው ኪሴ፣ ከመታወቂያዬ ጋር የታጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። ስድስት ዓመት እዚያው ነው የኖረው።

ልጄ «አባዬ፣ የሥራ ዘመንህን ጻፈው እንጂ፤ ስንት ነገር አይተሃል» እያለች ትነዘንዘኛለች። «ከጆንያ እስከ ኮምፒውተር» የሚል ርዕስ ሁሉ አውጥታልኛለች። ማውሷን አይታ ነው። ስለ ማውሷ የሚጻፍ ነገር የለኝም። የምጽፈው ስለ ወረቀቱ ነው፤ ርዕሷንም አልተጠቀምኩበትም።

መርካቶ የገባሁት በጉልበቴ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ጽሑፍ ማለት ለእኔ የጆንያ ቀለም ነው። ሰማያዊው ስኳር፣ አረንጓዴው ሩዝ። አንድ ቀን ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ሩዝ መጣና ሃያ ጆንያ የሰው ዕቃ ከሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ ደርድሬ ተገኘሁ። «ይሄ ደንቆሮ አያነብም እንዴ?» አለ ባለቤቱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አላነብም ነበር። ምን ብዬ ልመልስለት? ደመወዝ ስቀበል የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ስሜን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ እንደ መጣለት፣ እንደ ፈለገው።

ወገቤ ሲከዳኝ ሐጂ በር ጠባቂና ጠራጊ አድርገው ቀጠሩኝ። ደግነት አልለውም። ወገቤ የተቆረጠው የሳቸውን የወረቀት ካርቶን ተሸክሜ ነው። ቤቱ ከሲኒማ ራስ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትወርድ በግራ በኩል ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን። ማመልከቻ የሚያጽፍ፣ ውል የሚያስገለብጥ፣ የእድር ደንብ የሚያሳትም፣ የሚካሰስ፣ የሚታረቅ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚሰለፈው። ከመጋረጃው አጠገብ ሆዱ እንደ ጋን የተነፋ ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ከፊቱ ደግሞ እትዬ ሰናይት።

እትዬ ሰናይት የጎንደር ሰው ናቸው። ሥራ የጀመሩት በታይፕ ዘመን ስለሆነ ኪቦርዱን የሚመቱት እንደ ተጣላ ሰው ነበር። ስለሳቸው ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ግን የሳቸው ሙያ መጻፉ አልነበረም። መጻፍ ማንም ይጽፋል። የሳቸው ሙያ የተጻፈውን ማስቀመጥና ማግኘት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያጻፍከውን ማመልከቻ ፈልገህ ብትመጣ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙሃል፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ተጭነው ያወጡልሃል። አስማት ይመስለኝ ነበር። አስማት አይደለም፤ ልማድ ነው።

አንድ ፋይል ከማስቀመጣቸው በፊት ባለጉዳዩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል። «ነገ ስትመጣ ምን ብለህ ነው የምትጠይቀኝ?»

አንዱ ነጋዴ «ያቺን ሰውየውን የከሰስኩባትን ብዬ ነዋ!» አላቸው።

እሳቸውም ሳይስቁ፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ከፊት አድርገው፣ «ሰውየውን የከሰስኩባት» ብለው አስቀመጡት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳቅኩ።

«ምን ያስቅሃል አስሬ?» አሉኝ። «ክስ ብዬ ባስቀምጠው ክሱ ስንት መቶ ነው? ፋይል የሚሰየመው ለሚያስቀምጠው ሰው አይደለም፤ ለሚፈልገው ነው።»

ዴስክቶፑ ላይ አንድም ፋይል አድሮ አያውቅም። «ኒው ፎልደር» የሚል ነገር ካዩ ደማቸው ይፈላል፤ «ክርስትና ያልተነሣ ልጅ!» ይላሉ፣ ወዲያው ስም ያወጡለታል። ማታ ከመውጣታቸው በፊት የትናንቱን አጥፍተው የቀኑን ሥራ በፍላሽ ገልብጠው፣ ፍላሿን በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ይከታሉ። እና ደግሞ የማይወዱት አንድ ቃል ነበር። «የለም» የሚለውን ቃል። ፋይል ጠፍቶ ቢያድር እንኳ «የለም» አይሉም። «የለም የሚለው እግዜር ነው፤ እኛ አላገኘነውም ነው የምንለው» ይሉ ነበር።

ከሁሉም ግን የምጠላው ልማዳቸው በኮምፒውተሩ ጎን የለጠፉት ወረቀት ነው። ያኔ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ሆነ። «ሀ አንድ ነው። ሰ አንድ ነው። አ አንድ ነው። ጸ አንድ ነው» ይላል።

ማታ ትምህርት ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። «ቀን ሙሉ ወረቀት መሀል ቆመህ ዕውር ሆነህ አትኖርም» ብለው ደብተሩን ራሳቸው ገዙልኝ። አስተማሪያችን የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን። የኔታ ፊደል ሲያስተምሩ ለሞክሼዎቹ ቀልድ አያውቁም። ሞክሼ ማለት ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያይ ፊደላት ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። አንድ ማታ የኔታ ደብተሬን አንስተው ስሜን አዩና በቀይ ሰረዙት።

«ያንተ ስም በዐይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ ነው» አሉ። «ዐሥራት። ከዐሥር የመጣ ነው፤ አንዷን ለእግዜር የምትሰጣት።»

ያን ማታ ወደ ቤቴ የሄድኩበትን መንገድ አላስታውሰውም። ሰው ሁሉ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ስሜን ተሳስቶ ሲጽፈው ኖሯል። የኔታ ካረሙኝ ወዲያ መጀመሪያ ልክ አድርጎ የጻፈው እኔ ነኝ።

በነጋታው እትዬ ሰናይት የሠራተኛ ዝርዝር ሲጽፉ ከኋላቸው ቆምኩ። «እትዬ፣ ስሜን ተሳስተዋል።»

«የቱ ጋ?»

«በዐይኑ ዐ ነው። በንጉሡ ሠ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ሳቁ። «ተማርክልኝ! የኔ ስምስ በንጉሡ ሠ አይደል? ጠፍቶኝ መሰለህ? አስሬ፣ የማያውቀው ይሄ ማሽን ነው። እሱ ጆሮ የለውም፤ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ለሱ ሀይሉና ኃይሉ ሁለት ሰው ናቸው። አንዱን ስትፈልግ ሌላውን አያመጣልህም። ስለዚህ ባለጉዳዩ በሚወስደው ወረቀት ላይ እንዳሻህ ልክ አድርገህ ጻፍ፤ የፋይሉ ስም ላይ ግን አንድ ዓይነት።»

ነገሩ ገባኝ። ግን ቅር አለኝ። ያለ ፊደል ኖሮ በስተርጅና ፊደል ያገኘ ሰው አንዷን እንኳ መጣል አይወድም። እትዬ ሰናይት ልጅ ሆነው የተማሩት ሰው ናቸው፤ ጥለው አይጎድልባቸውም። እኔ ግን እያንዳንዷን በወገቤ ነው የተሸከምኳት።

ትንሽ ቆይቼ ኮምፒውተሩን እሳቸው አስተማሩኝ። ከበር ወደ ወንበር ገባሁ። ስካን ማድረግ፣ መሰየም፣ በየፊደሉ ፎልደር ማስገባት። ጎበዝ ነበርኩ፤ ይሄን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ጎበዝ ባልሆን ኖሮ ያደረግሁትን ማድረግ አልችልም ነበር።

አንድ ዓመት እትዬ ሰናይት ዓይናቸው ላይ የወጣውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሁለት ወር ቀሩ። ወንበሩ የኔ ሆነ። እናም የዚያ የሩዝ ባለቤት ስድብ ስንት ዓመት በውስጤ ቆይቶ ኖሮ፣ ፊደል ማወቄን ለሰው ሁሉ ማሳየት አማረኝ። ስሞቹን ማረም ጀመርኩ። ሰው ሲቀንስ፣ ሐጂ ለሶላት ሲወጡ፣ አንድ በአንድ። ሀይሉ የነበረውን ኃይሉ። ስዩም የነበረውን ሥዩም። አለሙን ዓለሙ። ጸሀይን ፀሐይ። «የታረመ» የሚል ፎልደር ከፈትኩና ያረምኩትን ሁሉ እዚያ አዛወርኩ። እትዬ ሰናይት ሲመለሱ አይተው ይገረማሉ፤ የኔታ የሰጡኝን ለሳቸው እሰጣለሁ ብዬ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ጅልነት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ትዕቢትም ነው።

የተመለሱ ቀን የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሥዩም የሚባል ሰው ነበር። እትዬ ሰናይት በእሳቱ ሰ ጽፈው ፈለጉ። አልመጣም። እንደገና ፈለጉ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ነካው?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

ያኔ ማሳየት ነበረብኝ። ፎልደሩን ከፍቼ «እትዬ፣ ይኸውልዎት፣ አርሜው ነው» ማለት። ፊታቸውን ሳየው ግን ያ ሩዝ የደረደርኩበት መጋዘን መጣብኝ። ምላሴ ሌላ ነገር አወጣ።

«ቫይረስ ይሆናል።»

መርካቶ ውስጥ ቫይረስ ያልተሸከመው ጥፋት የለም። እትዬ ሰናይትም አመኑ፤ እኔን ማመን ልማዳቸው ነበር። ምሳ ሲወጡ የሥዩምን ፋይል ወደ ቦታው መለስኩ። በሚቀጥሉት ቀናትም እንዲሁ፣ ምሳ በወጡ ቁጥር ጥቂት ጥቂት መለስኩ። ግን የኮምፒውተር ስሕተት ለመሥራት አንድ ቀን፣ ለማፍረስ አንድ ወር ነው የሚፈጀው። ሠላሳ ያህል ሲቀረኝ ሰለቸኝ። «የታረመ»ን ማንም በማይከፍተው፣ የፕሪንተሩ የእንግሊዝኛ ፋይሎች በተከማቹበት ፎልደር ሆድ ውስጥ ወሸቅሁት። ማንም ካልጠየቀ ምን አገባኝ አልኩ።

ሦስት ዓመት ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ የሺ መጣች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ከሚኖሩ ወይዘሮ ፀሐይ ኃይሉ ከሚባሉ አሮጊት ጋር ነው ያደገችው። አሮጊቷ በጉዲፈቻ ውል ወስደው አሳደጓት፤ አሁን ሞቱ። ተዝካሩ ሳይወጣ የእህታቸው ልጅ ከሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ ጠራርጎ ወሰደና «አንቺ ማን ነሽ? ሠራተኛ ነሽ» አላት። ለቤቱ ውርስ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ደግሞ «የውሉን ቁጥርና ቀን አምጪ፣ ዋናውን ከመዝገብ ቤት እናወጣልሻለን፤ እስከ ሰኞ ነው» አሏት።

«እማዬ አንድ ጊዜ እዚህ ቤት አስገልብጣዋለች» አለች። «እናንተ ጋ እንደሚቀመጥ ነግራኛለች። እባክዎ እትዬ፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የምፈልገው።»

እትዬ ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አስታወስኳቸው። ረጅም፣ ቀይ፣ ከዘራ የያዙ። እኔው ነኝ ስካን ያደረግሁት። ምን ብዬ እንዳስቀመጥኩት ነው የጠፋኝ፤ ግን ስማቸው ከፊት አለ።»

«ጸሀይ ሀይሉ» ብለው ጻፉ። ባዶ። «ጉዲፈቻ» ብለው ጻፉ። የሌሎች ሰዎች መጣ፣ የሳቸው አልመጣም። «ውል» ብለው ጻፉ፤ እልፍ አእላፍ መጣ። እኔ ከጎን ወንበር ላይ ነኝ። በመጀመሪያዋ ባዶ ነው የገባኝ። የት እንዳለ አውቄያለሁ። ጣቴ ማውሷ ላይ ነበር።

እትዬ ሰናይት ዞረው አዩኝ። «አስሬ፣ ስም የነካኸው ነገር አለ?»

«ምን ብዬ እነካለሁ?» አልኩ።

«ዓርብ ተመለሺ የኔ ልጅ» አሏት። «እስከዚያ አንድ በአንድ አየዋለሁ።»

ያን ቀን ምሳ ሲወጡ ፎልደሩን ከፈትኩ። ሁለተኛው ፋይል ነው። «ፀሐይ ኃይሉ የልጄ ወረቀት» ይላል። ከፈትኩት። ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ማኅተሙ አለ። አተምኩት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አሁን አንባቢ «ታዲያ ምን ቸገረህ?» ይለኛል። እኔም እንዲያ ነው ያልኩት። ስሙን መልሼ በእትዬ ሰናይት ፊደል ልጽፈውና ጸ ፎልደር ውስጥ ልጣለው፤ ራሳቸው ያገኙታል፤ ማንም ሳያፍር ያልቃል። ልመልሰው ስል ግን ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ደብተር አየሁ። በዚያ ጧት ብቻ፣ የጸ ፎልደርን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ፣ ያለውን ስም ሁሉ በእጃቸው ገልብጠው ጨርሰዋል። በዚያ ዓይን። የመጨረሻውን ስም ጽፈው ከሥሩ አስምረዋል። ዛሬ ብጨምረው ነገ ከዝርዝራቸው ውጪ አንድ ፋይል ተወልዶ ያገኙታል። ማን ወለደው ይላሉ። ቫይረስ ፋይል ይሰርቃል እንጂ አይመልስም።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ረቡዕ ዝም አልኩ፣ ሐሙስ ዝም አልኩ። እሳቸው ከጸ ቀጥለው ሀን ጀመሩ፣ ሀን ጨርሰው ውል የሚለውን ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ ያወርዳል፤ በመሀረብ እየጠረጉ ያነባሉ። «ዐረፍ ይበሉ እትዬ» አልኳቸው። ይህችን ቃል ያለው ይሄው አፌ ነው።

ዓርብ የሺ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ፊታችንን አየች።

«እትዬ፣ ተገኘ?»

«አላገኘሁትም የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ሰናይት። «እዚህ ቤት መግባቱን በልጆቼ እምልልሻለሁ። ግን አላገኘሁትም።»

«አላገኘሁትም ማለት... እስከ ሰኞ ሊገኝ ይችላል?»

እትዬ ሰናይት መልስ ፈልገው አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ይሄ ነገር እንዲያልቅልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ዓይኗ ከፊቴ ዘወር እንዲልልኝ።

«የለም» አልኩ። «እህቴ፣ የለም ብለውሻል እኮ።»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ስቀመጥ ይጎረብጠኝ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለችኝ። እኔን። እንዲያውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። እትዬ ሰናይት በዚያ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ተብሎ የማያውቀውን ቃል ማን እንዳለው ለማየት ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡኝም። «የለም አልክ» አሉ ብቻ።

በወሩ ሥራ ለቀቁ። ሐጂን «የሰው ልጅነት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሳላጠፋ በዚህ ዓይኔ ልሂድ» አሏቸው። ሐጂም አልያዟቸውም፤ ወጣት የሚጽፍ ሰው ርካሽ ነው። ወንበራቸውን እኔ ወረስኩት። ደመወዜም ትንሽ ተጨመረ። ደንበኛው «ጋሽ ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። ጠፍጣፋ ኮምፒውተር መጣ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ያስቀምጥ ጀመር፤ እኛ ጋ የሚፈልግ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ወረቀቷን ግን ከኪሴ አላወጣሁም። አንድ ጊዜ ብቻ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄጃለሁ። በወይዘሮ ፀሐይ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁ። ማንንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌለት አጥቻለሁ።

ቤቱ የተዘጋ ሳምንት፣ የጡረታ ፎርሜን አስገብቼ ስመለስ፣ እግሬ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወሰደኝ። እትዬ ሰናይት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። በድምፄ አወቁኝ።

«አስሬ! ኢንጂነር ሆንክ ሲሉ ሰማሁ።»

ቁጭ ሳልል ነገርኳቸው። ከሥዩም ፋይል ጀምሬ እስከ ኪሴ ድረስ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ድሮው ለባለጉዳይ እንደሚያደርጉት።

ስጨርስ «በየትኛው ፀ ነበር?» አሉ።

«በፀሐዩ።»

«ሀዋስ?»

«በሐመሩ ሐ።»

«ኃይሉ?»

«በብዙኃኑ።»

«ልክ ነው» አሉ። «ልክ ነው የጻፍከው።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያች የወጋኝ የለም።

ቀጥለው «ሙሉ ስሙን በልልኝ» አሉ።

«ፀሐይ ኃይሉ የልጄ ወረቀት።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ... አስታወስኩ። ምን ብለው ነው የሚጠይቁኝ እማማ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጉዲፈቻ እንዳትዪብኝ፣ የልጄ ወረቀት በዪው አሉኝ። እኔው ጠይቄ እኔው ረሳሁት። ልጄ ብለን ብንፈልግ ኖሮ...»

ኖሮ። በየትኛውም ፎልደር ውስጥ ቢሆን፣ በየትኛውም ፀ ቢጻፍ፣ «ልጄ» ብለን ብንጽፍ በመጀመሪያው ይመጣ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅር...»

«ዝም በል። እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ። ከሷ ዘንድ ደርሰህ ሳትመለስ አልሰማህም።»

የሺን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ። የድሮ ጎረቤቶቿ ናቸው የነገሩኝ፤ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጠርሙስና ጀሪካን ትሸጣለች። ጠርሙሶቹን በቁመታቸው ደርድራ፣ ክዳናቸውን ለብቻ በሳፋ አድርጋ አገኘኋት። አላወቀችኝም።

«ጋሼ፣ ምን ልስጥዎት? የዘይት ነው የማር?»

ወረቀቱን ሰጠኋት። በአራት በኩል የታጠፈበት ነጥቷል። አነበበችው። ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«የት ተገኘ?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«መቼ?»

«የለም ያልኩሽ ቀን።»

ትጮኻለች፣ ሰው ትሰበስብብኛለች ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብትሰበስብብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እጥፋቱን በመዳፏ ማቅናት ጀመረች።

«ቤቱ እኮ ፈርሷል ጋሼ። አሁን ምን ላድርገው?»

ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ነገርኳት። እናቷ ምን ተብሎ እንዲቀመጥ እንዳዘዙ። ጉዲፈቻ እንዳይባልባቸው እንዳሉ።

«ማን አለ?»

«እሳቸው። በራሳቸው አፍ።»

ደንበኛ መጣ፣ ጠርሙስ አንስቶ ጠየቀ፣ ሳትመልስለት ሄደ። ከዚያ ክዳኑ መሀል ፈልጋ እስክሪብቶ አወጣችና ወረቀቱን ገልብጣ ሰጠችኝ።

«ይጻፉልኝ። ከጀርባው። እንዳለችው።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከስማቸው ልጀምር ስል እጄ ቀረ።

«በየትኛው ፀ ልጻፍላቸው?» አልኳት።

አልገባትም። ስታየኝ ቆየችና ወረቀቱን መልሳ ገለበጠችው፤ ከማኅተሙ ሥር በጣቷ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ እማዬ እኮ ፊደል አታውቅም ነበር። ይኸው፣ በጣቷ ነው የፈረመችው።»

ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ወረቀት ነው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያቺን የአውራ ጣት አሻራ ግን አይቻት አላውቅም።

ስማቸውን ተውኩት። «የልጄ ወረቀት» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ሰባት ፊደል ነው፤ አንዳቸውም ሞክሼ የላቸውም።